49 በመቶ፦ የአንድ የፊት ፍሬን ጉዳይ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወዳጄ ካርቶን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ወርቃማ የፍሬን ካሊፐሮች፣ የጎማውን ዲስክ ከሁለት ጎን ቆንጥጠው የሚይዙት ዕቃዎች፣ ተኝተዋል። ከላስቲካቸው እንኳ አልወጡም። ዋጋቸውን ሲነግረኝ የያዝኩትን ቡና ልደፋው ምንም አልቀረኝም።

«ጋሼ፣ የሞተሬን የፊት ፍሬን ላሳድገው ነው» አለኝ። ጋሼ የሚለኝ አሥር ዓመት ስለምበልጠው ነው። መጀመሪያ ላይ ይከነክነኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

«ፍሬንህ ምን ሆነ?»

«ለስልሷል። ስፖንጅ የጨበጥኩ ነው የሚመስለኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሊቨሩ እስከ እጀታው ይመጣል። ሁለተኛ ስጨብጠው ነው የሚይዝልኝ።»

ሞተሩ ውጭ ቆሟል። ቁልፎቼም ቅርብ ናቸው። ግን ወደ ሞተሩ አልሄድኩም። ቁጭ አደረግኩትና አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አጫወትኩት። እኛ የምንኖረው ክላርክስተን፣ አትላንታ ዳር ነው። ጉዳዩም የተወሰነው እዚሁ፣ በጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የስፖርት ሞተር ፍሬን ላሳድግ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ሞተሩና ቀኑ

ሞተሩ የ2006 ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 1000 ነው። ወዳጆቹ «ጂክሰር» ይሉታል። 999 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር። በዘመኑ ከፋብሪካ ወጥተው መንገድ ላይ ከሚነዱት ሁሉ ፈጣኖቹ መሃል ነበር።

ፍሬኑም እንደ ፍጥነቱ ነው። ከፊት ሁለት ዲስክ አለው፤ እያንዳንዱ 310 ሚሊሜትር። ሁለቱንም የሚይዙት አራት አራት ፒስተን ያላቸው ካሊፐሮች ናቸው፤ የታሰሩትም ያኔ ውድድር ላይ በተለመደው የራዲያል አገጣጠም ነው፤ ቡሎኖቹ ከጎን ሳይሆን በዲስኩ አቅጣጫ ይገባሉ። እጀታው ላይ ያለው ፍሬን ማስተርም፣ ሊቨሩ ሲሳብ ዘይቱን ወደ ታች የሚገፋው ክፍል፣ ራዲያል ነው። ባጭሩ፣ ሌላው ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ «ላሳድግ» ሲል የሚገዛው ነገር እዚህ ሞተር ላይ ከፋብሪካው ተገጥሞ ነው የመጣው።

ኦገስት 2013 ላይ ባለቤቱ እየነዳ ሳለ የፊት ፍሬኑ ድንገት ከዳው። ወደቀ፤ ክፉኛ ተጎዳ። ስሙን እዚህ መጥራት አያስፈልግም።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ኦክቶበር 2013 ላይ፣ ሱዙኪ ሪኮል አወጣ። ሪኮል ማለት አምራቹ ራሱ «ይሄ ዕቃ ችግር አለበት፤ አምጡት፣ በነፃ እቀይራለሁ» ብሎ ሲጠራ ነው። የተጠሩት የ2004 እስከ 2013 ጂኤስኤክስ-አር 600 እና 750፣ እንዲሁም የ2005 እስከ 2013 ጂኤስኤክስ-አር 1000 ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ210 ሺህ በላይ ሞተሮች ነበሩ። የተጠሩበት ምክንያት ካሊፐሩ አልነበረም፤ ዲስኩም አልነበረም። ፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያለች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ፒስተን ናት።

አረፋው የት ተደበቀ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሆድ ያለው እዚህ ነው።

ሊቨሩን ስትስበው ማስተሩ ውስጥ ያለችውን ፒስተን ይገፋታል። እሷ ዘይቱን ትገፋለች። ዘይቱ በቱቦው ወርዶ የካሊፐሩን ፒስተኖች ይገፋል፤ እነሱ ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫኑታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዘይቱ ስለማይጨመቅ ነው። ጣትህ ያሳረፈችው ኃይል መንገድ ላይ ሳይባክን ታች ይደርሳል። አየር ወይም ሌላ ጋዝ መሃል ከገባ ግን መጀመሪያ የሚጨመቀው ጋዙ ነው። ሊቨሩ ይጓዛል፤ ታች ግን ምንም የደረሰ ነገር የለም።

የፍሬን ዘይት እንለዋለን እንጂ ዘይት አይደለም። በብዛት የምንጠቀመው ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 ከግላይኮል ዘር የሚሠራ ኬሚካል ነው፤ ውሃ ይወዳል። (በስህተት የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው የጎማ ማሸጊያዎቹ አብጠው ሙሉውን ሲቀይር አይቻለሁ።) ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ጨው ክረምት ላይ እንዴት እንደሚረጥብ እናታችሁ ቤት አይታችኋል። የፍሬን ዘይትም እንደዚያው ነው። በጎማ ቱቦው በኩል፣ በክዳኑ በኩል፣ ቀስ እያለ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አይፈላም። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባው ግን መለኪያው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። በተራራ ቁልቁለት ፍሬን ሲፈላባቸው ሰዎች የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

የጂክሰሩ ችግር ግን መፍላት አልነበረም። ሪኮሉ ላይ የተጻፈው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲገጥም ምን እንደሚመጣ ነው።

አንደኛው፣ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር ቆይቶ እርጥበት መያዙ ነው። ሁለተኛው፣ የማስተሩ ፒስተን ላይ ያለው መከላከያ ሽፋን በሁሉም ቦታ እኩል አለመሆኑ ነው። ዘይቱ ሲያረጅ ፒስተኗ መበላት ትጀምራለች፤ ስትበላ ደግሞ ጋዝ ትፈጥራለች። አየር ከውጭ የገባ አይደለም። ጋዙ የተሠራው እዚያው ውስጥ ነው።

ሦስተኛው እኔን በጣም የገረመኝ ነው። ደህና ማስተር ውስጥ አረፋ ቢፈጠር ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው በሚመለስባት ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል፤ አንተም ሳታውቀው ያልፋል። በዚህ ማስተር ላይ ግን የመመለሻዋ ቀዳዳ የተቀመጠችው ጎን ላይ ነው። አረፋ ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ስለዚህ ጋዙ መውጫ አጥቶ እዚያው ጣራው ሥር ይከማቻል።

ምን ያህል ጋዝ ይበቃል? ራሴ አስልቼው ነው የደነገጥኩት። ሰው ለማሳደግ ከሚገዛቸው ማስተሮች አንዱ የተለመደ መጠን «19 በ18» የሚባለው ነው። 19 ሚሊሜትር የፒስተኗ ውፍረት ነው። 18ቱ ሊቨሩ ከሚታጠፍበት ነጥብ ፒስተኗን እስከሚገፋበት ድረስ ያለው ርቀት ነው። የ19 ሚሊሜትር ፒስተን ፊት 283 ስኩዌር ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው። አንድ ሚሊሊትር ጋዝ፣ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ማለት ነው፣ 3.5 ሚሊሜትር የሚሆን የፒስተን ጉዞ ይበላል። ጣትህ የሚያርፈው ከመታጠፊያው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ ስለሆነ፣ ይሄ ጣትህ ላይ ሲደርስ ስድስት እጥፍ ያድጋል። ሁለት ሴንቲሜትር። የሊቨሩ ሙሉ መንገድ ስንት እንደሆነ ሄዳችሁ ለኩና ቀሪውን ራሳችሁ ቀንሱ።

ደግሞ ብረት የሚበላው ስትነዳ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ሲተኛም ይበላል። ለዚህ ነው «ትላንት ደህና ነበር» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ የማይሠራው።

ፍርድ ቤቱ እንዴት ከፋፈለው?

ተጎጂውና ሚስቱ የጃፓኑን ሱዙኪና የአሜሪካውን ሱዙኪ ከሰሱ። ክሱ የዕቃው አሠራር ጉድለት አለበት፣ አደጋውንም አላስጠነቀቃችሁንም የሚል ነበር። ኩባንያው ከአደጋው ብዙ ቀደም ብሎ ስለ ችግሩ ያውቅ እንደነበር፣ ተመሳሳይ አደጋዎችም እንደደረሱ ሪፖርት እንደነበረው የሚያሳይ ማስረጃ በችሎት ቀርቧል።

ከዚያ ተራው የሞተሩ ባለቤት ሆነ። ሞተሩ ሲገዛ የሚሰጠው መመሪያ የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ይላል። ሰውየው ሞተሩን በያዘበት ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልቀየረም። ይህንንም ራሱ አምኗል።

ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝቡ መሃል ተመርጠው የሚቀመጡት ዳኞች፣ ለሰውየው 10.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሚስቱ 2 ሚሊዮን ዶላር ይገባቸዋል አሉ። ቀጥለው ጥፋቱን አካፈሉ። የጃፓኑ ሱዙኪ 45 በመቶ። የአሜሪካው ሱዙኪ 6 በመቶ። ሰውየው ራሱ 49 በመቶ።

ስለዚህ እጃቸው ሊገባ የሚችለው 51 በመቶው ብቻ ሆነ። ለእሱ 5 ሚሊዮን 355 ሺህ፣ ለእሷ 1 ሚሊዮን 20 ሺህ።

ባልና ሚስቱ ይግባኝ አሉ። ሙግታቸው ቀላል አልነበረም። የተበላሸ ዕቃ ሠርቶ የሸጠ አምራች ያለ ሌላ ጥያቄ ተጠያቂ ነው በሚባልበት የክስ ዓይነት፣ የገዢው መዘናጋት ተቆጥሮ ካሳ መቀነስ የለበትም የሚል ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ኦክቶበር 2020 ላይ ውሳኔውን አጸና። ጥፋት ይከፋፈል የሚለው የግዛቲቱ ሕግ፣ በ2005 እንደተሻሻለው፣ ለዚህ ዓይነቱም ክስ ይሠራል አለ።

ወዳጄ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «49? ለምን 50 አላሉትም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው። በጆርጂያ ሕግ ከሳሹ ራሱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ጥፋተኛ ከተባለ ምንም አያገኝም። ዜሮ። ጁሪው አንዲት በመቶ ጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ በነነች ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ክፍላቸው ውስጥ ተዘግተው ምን እንደተባባሉ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። የደረሱበት ቁጥር ግን ይኸው ነው።

የኔን ስሜት ልናገር? መጀመሪያ ስሰማ በኩባንያው ተናደድኩ። ቀጥሎ በሰውየው። ስምንት ዓመት! አሁን ሳስበው 49ኙ ትንሽ በዛበት እላለሁ። መመሪያው ላይ «በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ» የሚል መስመር አለ፤ እውነት ነው። ግን መመሪያ ብዙ ነገር ቀይሩ ይላል። ያንን አንብቦ «ካልቀየርኩ ማስተሬ ውስጥ ጋዝ ይመረታል» ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ካልቀየርክ የሚደርሰው ነገር ፍሬን አልባ መሆን ከሆነ በደማቅ ፊደል መጻፍ ነበረበት። በሌላ በኩል፣ አንዲት ጠርሙስ ዶት 4 ከአሥር ዶላር ብዙም አትርቅም። ሰውየው መመሪያውን ተከትሎ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀይራት ነበር። ሠላሳ አርባ ዶላር።

ለሪኮሉ የተሰጠው መፍትሔ ፒስተኗ እንደ አዲስ የተሠራች ሌላ ማስተር መግጠም ነው። የ2004 እስከ 2013 ጂክሰር ሁለተኛ እጅ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ይሄ ሥራ መሠራቱን ሻጩን አትጠይቁ። ሻጭ ሁሌም «ተሠርቷል» ይላል። የሻንሲ ቁጥሩን፣ 17ቷን ፊደልና ቁጥር፣ ለአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኤንኤችቲኤስኤ) ወይም ለወኪሉ ስጡና እነሱ ይንገሯችሁ።

ወደ ወርቃማው ካርቶን ስንመለስ

«የኔ እኮ ሱዙኪ አይደለም» አለ ወዳጄ።

አዎ፣ አይደለም። የሌላ ፋብሪካ ነው፤ የ2008። በዚህ ጉዳይ ተጠርቶም አያውቅም። ግን የማጠራቀሚያዋን ክዳን እንክፈት አልኩት።

መጀመሪያ ታንኩንና የፊቱን ጭቃ መከላከያ በፎጣ ሸፈንን። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ጠብታ ካረፈበት ወዲያው ውሃ ካላፈሰስክበት አለቀለት። ከዚያ ሁለቱን ቡሎኖች ፈታን። ክዳኑ ተነሳ፤ ከሥሩ ያለው ጎማም ተነሳ።

አዲስ ዶት 4 ነጣ ያለ ነው፤ ብዙ ቢባል ትንሽ ቢጫ ያደርገዋል። የሱ ጠላ ሆኗል። ጠላ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ሥሩ ላይ አተላም አለው። በጣቴ አሸት ሳደርገው ይሻክራል።

«መቼ ነው የቀየርከው?»

ዝም አለ። «እኔ ከገዛሁት አራት ዓመቴ ነው» አለ ቆይቶ። «ከኔ በፊት የነበረውም የሚቀይር ዓይነት አይመስለኝም።»

ጠላውን በስሪንጅ መጠጥነው፤ አተላውን በጨርቅ ጠረግነው፤ አዲሱን ሞላን። ከዚያ ወደ ካሊፐሩ ወረድኩ። የአየር ማስወጫዋ ላይ 8 ቁጥር ቁልፍ አስገባሁ፤ ጫፏ ላይ ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ሰካሁ፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። ወዳጄ ሊቨሩ ላይ ነው።

«ጨብጥ። ያዝ።» እኔ እከፍታለሁ። ጥቁሩ ይወጣል። እዘጋለሁ። «ልቀቅ።»

ጨብጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ሃምሳ ጊዜ ሳንለው አልቀረንም። አንድ ጊዜ ሳልዘጋ ለቀቀውና አየር ወደ ውስጥ ሳብን፤ ከመጀመሪያው ጀመርን። አንድ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ጮኸና ማጠራቀሚያዋ ልትደርቅ ስትል ያየኋት እኔ ነኝ። እሷ ከደረቀች ሥራው ሁሉ ገደል ገባ። ቀኝ ካሊፐር፣ ከዚያ ግራ። የሚወጣው ዘይት ነጭ እስኪሆን።

ነጭ ሆነ። ሊቨሩ ግን አሁንም ልስልስ ነው።

«አላልኩህም ጋሼ? ካሊፐሩ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ።

የቀረን ቦታ ነበር። ቱቦውን ከማስተሩ ጋር የሚያያይዘው ባለቀዳዳ ቡሎን። የሞተሩ ፍሬን ውስጥ ከፍተኛው ቦታ እሱ አካባቢ ነው፤ አረፋ ደግሞ ከፍታ ይወዳል። እዚያው በጨርቅ ከብበነው፣ ሊቨሩን ጨብጦ ይዞ፣ ቡሎኑን በትንሹ ላላ አድርጌ መልሼ ጠበቅሁት። ጭጭጭ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ጨርቁ ላይ አረፋ የሞላበት ዘይት ረጨ። ደገምነው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ጠፋ።

ሊቨሩን ጨበጠው። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ግትር ብሎ ቆመ። እንደገና ጨበጠው። ወደ እኔ ዞረና ሳቀ።

ሞተሩ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) የለውም፤ ስለዚህ በዚሁ አለቀ። ኤቢኤስ ያለው ከሆነ መሃል ላይ ያለው ፓምፕ ውስጥ የሚቀር ዘይት ስለሚኖር ነገሩ ይወሳሰባል። እሱን ለሚያውቅ መካኒክ ስጡት።

ታዲያ ምን እናሳድግ?

ሸራዎቹን አወጣን። አንደኛው እንደ መስታወት ያበራል። ሁለቱንም ጥንድ ቀየርን። ሸራ ስትገዙ ጀርባው ላይ ከተጻፉት ኮዶች መሃል ሁለት ፊደሎች ፈልጉ። እነሱ ምን ያህል እንደሚቆነጥጥ ይነግሯችኋል፤ አንደኛዋ ፊደል ገና ሳይግል፣ ሁለተኛዋ ሲግል። «ጂጂ» የሰበቃ መለኪያው ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። «ኤችኤች» ከ0.55 በላይ። እኛ ኤችኤች ገጠምን። እውነተኛ ማሳደግ ከተባለ ለገንዘቡ ይሄን የሚያህል የለም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቱቦዎቹን ቀየርን። የብዙ ጃፓን ሠራሽ ሞተሮች መመሪያ የጎማ ቱቦውን በየአራት ዓመቱ ቀይሩ ይላል። የሱ ከፋብሪካ የመጣው ነው። አሁን የገባው ውስጡ ቴፍሎን፣ ላዩ የተጠለፈ የማይዝግ ብረት የሆነው ነው። ጎማ ቱቦ ስትጨብጥ ትንሽ ያብጣል፤ ይሄ አያብጥም።

ካሊፐሮቹስ? እዚህ ላይ ተከራከርን። የኔ ነጥብ የሚከተለው ነው።

አጭርና ከፍ ያለ የስፖርት ሞተር ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው የካሊፐሩ አቅም ማነስ አይደለም። የኋላው ጎማ ይነሳል። ይሄ የሚሆነው ሞተሩ የሚቀንስበት ፍጥነት ወደ መሬት ስበት ሲጠጋ ነው። በዚያ ልክ ከያዝክ ከ100 ኪሎሜትር በሰዓት ለመቆም 40 ሜትር ገደማ ይፈጃል። የሱ የፋብሪካ ካሊፐሮች ያንን በሁለት ጣት ያደርጉታል። ወርቃማዎቹ ሙቀትን የበለጠ ይችላሉ፤ ስሜታቸውም ይጥማል። ውድድር ሜዳ ላይ ዙር በዙር ለሚቃጠል ሰው ዋጋ አላቸው። ከክላርክስተን እስከ ቡፎርድ ሃይዌይ ክትፎ ሊበላ ለሚነዳ ሰው ግን ምን ይሠሩለታል?

በዚያ ላይ ካሊፐርና ማስተር መጋባት አለባቸው። የካሊፐሩ ፒስተኖች ከበፊቱ ከሰፉ የሊቨሩ ጉዞ ይረዝማል። እሱን ለማሳጠር ማስተሩን ከ17 ወደ 19 ሚሊሜትር ትቀይራለህ። ያኔ የፒስተኗ ስፋት በ25 በመቶ ይጨምራል። ሊቨሩ ግትር ይላል፤ «ጠንካራ ፍሬን» የሚመስልህ እሱ ነው። ግን ያንኑ ግፊት ለማግኘት ጣትህ 25 በመቶ የበለጠ መሳብ አለባት። ብዙ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ፍሬኑን የሚያደነድነው እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ቁጥር እናምጣ። በ100 ኪሎሜትር በሰዓት ስትሄድ በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ትጓዛለህ። የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ሆኖ ሁለተኛውን እስክትጨብጥ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢያልፍ 14 ሜትር ሄዷል። ወዳጄ ግንቦት ላይ በየጠዋቱ ሲነዳ የነበረው በዚህ ዓይነት ፍሬን ነው። 14 ሜትር የሚመልስ ካሊፐር እስካሁን አላየሁም።

ሙሉ በሙሉ አልተስማማልኝም። «ቆንጆ ናቸው እኮ ጋሼ» አለ። ቆንጆስ ቆንጆ ናቸው፤ እሱን አልክድም።

ማጠራቀሚያዋ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀን ጻፈባት። ካሊፐሮቹ ከነላስቲካቸው አልጋው ሥር ናቸው። በቀደም ደውሎ «ልሽጣቸው ወይስ ለሚቀጥለው ሞተሬ ላስቀምጣቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ፕላስተሩ ላይ ያለው ቀን ስንት ነው አልኩት። ሥራ ላይ ነበር፤ ሞተሩ አጠገቡ የለም። ቀኑን ከነወሩ ከነዓመቱ ነገረኝ።